ለአንድ ሕፃን ሁለት የክርስትና አባት

እኔ ሶፋ ሠሪ ነኝ። ቡልጋሪያ አካባቢ፣ ጋራዦቹ ካሉበት መንገድ ገባ ብሎ፣ ያረጀ ሶፋ እየፈታሁ ስፖንጅና ጨርቅ የምቀይርባት ጠባብ ቤት አለችኝ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ከዚያ ወዲህ የማውቀውን ያገኘሁት አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጡ ልጆች እየገዛሁ በማንበብ፣ ያልገባኝን ደግሞ ቄስ ነው ጋዜጠኛ ነው ሳልል በመጠየቅ ነው። ልጆቼ፣ «አባዬ መጠየቅ ከጀመረ ምሳ ይቀዘቅዛል» ይላሉ። አልዋሹም። አንድ ነገር ሰምቼ ራሴ ሄጄ ካላረጋገጥኩት ዕረፍት የለኝም።

በቤቴም ጠንካራ ነኝ። ልጆቼን ያሳደግኳቸው እሑድ ጠዋት ማንም አልጋ ላይ እንዳይገኝ፣ ማታም ሳይጸለይ ማንም እጁን ወደ ማዕድ እንዳይሰድ አድርጌ ነው። ሲያድጉ ያመሰግኑኛል ብዬ ነበር። አንዳንዱ አመስግኗል፣ አንዳንዱ ገና ነው።

የቤተ ክርስቲያናችን አባቶች በሹመትና በቋንቋ ጉዳይ ሲለያዩ፣ ወገን ለመምረጥ ብዙ አልተቸገርኩም። ሹመት ሥርዓቱን ካልጠበቀ ሹመት አይባልም ብዬ አምን ነበር፤ ዛሬም ይህን እምነቴን አልቀየርኩም። ያልጠበቅሁት የመለያየቱ ነገር ከላይ፣ ከአባቶች ወርዶ እያንዳንዳችን በር ላይ መድረሱን ነው። በአንድ ማኅበር ጽዋ ስንጠጣ የኖርን ሰዎች መንገድ ላይ ስንተያይ፣ ሰላምታ ከመስጠታችን በፊት «እሱ ከየትኛው ነው?» ማለት ጀመርን። ለቅሶ ድንኳን ውስጥ እንኳ ሰው እየመረጠ ይቀመጥ ጀመር። ፍትሐቱን የሚያደርሰው ቄስ ከወዲያኛው ወገን ነው ተብሎ፣ የዕድሜ ልክ ጎረቤቱ ሲቀበር ቤቱ የዋለ ሰው አውቃለሁ።

መለያው በቅዳሴ መካከል የሚጠራ ስም ነበር። በቅዳሴ ላይ ስለ ፓትርያርኩና ስለ ሊቀ ጳጳሱ የሚጸለይበት ቦታ አለ። እዚያ ሲደረስ የአባቶች ስም ይጠራል። አንድ ደብር ከየትኛው ወገን እንደሆነ ማወቅ የፈለገ ሰው እዚያ ቦታ ድረስ ቆሞ ማዳመጥ ይበቃዋል።

የመጀመሪያ ልጄ ቤዛ ያገባችው ከዚህ ሁሉ በፊት ነው። ባሏ ለሊሳ ጨዋ ልጅ ነው፤ ባንክ ቤት ይሠራል። አባቱ አቶ ገመቹ ከሰላሌ መጥተው ካዛንቺስ ውስጥ ወልደው ያሳደጉ ሰው ናቸው። አሮጌው ሰፈር ሲፈርስ እነሱም ከከተማ ዳር ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ሄዱ። በሰፈሩ የቀረችላቸው፣ ቤቱ ሁሉ ከተነሳበት ሜዳ ጥግ ብቻዋን የቆመች አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ናት። ከዚያ ሁሉ ርቀት እየተመላለሱ የሚያስቀድሱት እዚያው ነው። ያቺ ቤተ ክርስቲያን ከወዲያኛው ወገን ናት ይባል ነበር። ጸሎቱም በኦሮምኛ የሚደርስበት ቀን እንዳለ ሰምቻለሁ።

ቤዛ ወንድ ልጅ ወለደች። ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ ክርስትና ይነሳል። የት የሚለው ነው ቤታችንን ያመሰው።

እኔ በእኛ ደብር ይሁን አልኩ። አቶ ገመቹ ደግሞ፣ ቤቴ ፈርሷል፣ ልጆቼ ክርስትና የተነሱባት ቤተ ክርስቲያን ግን አልፈረሰችም፤ የልጅ ልጄም እዚያው ነው የሚነሳው ብለው መልእክት ላኩብኝ። ጉዳዩ የግድግዳ አይደለም ብዬ መለስኩ። ግትር ሆኜ ብቻ አልነበረም። ጥምቀት አንዴ ነው። እንደ ሶፋ ጨርቅ አልተስተካከለም ተብሎ ተቀዶ የሚለወጥ ነገር አይደለም። ታዲያ ሥልጣን የለውም በሚባል እጅ ከተጠመቀ የልጅ ልጄ ምን ተብሎ ሊጠራ ነው? ክርስቲያን ነው ወይስ አይደለም? ይህን ጥያቄ ያቀረብኩላቸው ሰዎች ግማሾቹ ተቆጡ፣ ግማሾቹ ዝም አሉ። ማንም ቁርጡን አልነገረኝም።

አርባው ቀን ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ቤዛ ደወለች።

«አባዬ፣ ወስነናል። ካዛንቺስ ነው።»

«እኔ እዚያ እግሬ እንደማይረግጥ ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ። እኔ ልጄ ሁለት አያት እንዲኖሩት ነው የምፈልገው። ካልመጣህ ግን በቃ፣ አንድ አያት ይኖረዋል ማለት ነው።»

«ታስፈራሪኛለሽ?»

«አላስፈራራሁህም፤ እየነገርኩህ ነው። ቁርጡን መናገር ያስተማርከኝ አንተ አይደለህ?»

ስልኩን ዘጋሁ። ባለቤቴ ወይንሸት ከጓዳ ሆና ስትሰማ ኖሮ፣ «ከማን ወረሰችው ብለህ ነው የምትናደደው?» አለችኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ሁለት ቀን በሥራ ቤቴ ውስጥ ከራሴ ጋር ስከራከር ዋልኩ። በመጨረሻ እሄዳለሁ አልኩ። ልቤ የራራ መስሏችሁ እንዳትታለሉ። አንደኛ፣ «ይባላል» የሚለው ነገር ሰልችቶኛል፤ በዚያች ቤተ ክርስቲያን የማን ስም እንደሚጠራ በራሴ ጆሮ መስማት ፈለግሁ። ሁለተኛ፣ አንድ ዘዴ መጣልኝ። ቤዛን እናቷ፣ የክርስትና አባቱ ማን ይሁን ብላ ስትጠይቃት፣ «እሱ አይጠፋም» ብላ አልፋዋለች። ይህን እኔ ለእኔ እንደተተወ አድርጌ ወሰድኩት። የክርስትና አባት ከካህኑ እጅ ሕፃኑን የሚቀበል፣ በሕፃኑ ፈንታ ሰይጣንን የሚክድ፣ ሃይማኖቱን የሚመሰክር ሰው ነው። ቦታው የእነሱ ከሆነ፣ የሚመሰክረው አንደበት የእኛ ይሁን አልኩ።

ለዚህ ከጓደኛዬ ከተክሌ የተሻለ ሰው አላውቅም። ተክሌ ቄራ ልኳንዳ ቤት አለው። በልጅነቱ ዲቁና ተቀብሎ ያገለገለ፣ ቅዳሴውን ከነዜማው የሚያውቅ፣ በሃይማኖት ነገር ከእኔ የባሰ ደረቅ ሰው ነው። ሥጋ ሲመዝን ለወንድሙም አያዳላም ይባልለታል። ሐሳቤን ስነግረው ቢላዋውን አስቀምጦ አሰበና፣ «የሚቀበለው እጅ የእኛ ከሆነ ቢያንስ ግማሽ መንገድ ነው። የጥምቀቱን ነገር ግን እኔ እንጃ» አለኝ።

«እንጃ ማለት?»

«እንጃ ነዋ። ጥምቀት ልበለው አልበለው ገና አልወሰንኩም።»

በዕለቱ ገና ሳይነጋ ነጠላችንን ተከናንበን፣ እኔ፣ ወይንሸትና ተክሌ በሚኒባስ ወደ ካዛንቺስ ሄድን። ስንወርድ የት እንደቆምኩ ጠፋኝ። ጠባብ መንገዶቹ፣ ሱቆቹ፣ በጉርብትና የተደጋገፉት የቆርቆሮ ቤቶች የሉም። ሰፊ አስፋልት፣ አዲስ የመብራት ምሰሶ፣ ከዚያ ወዲያ ባዶ መሬት። በሜዳው ጥግ የቤተ ክርስቲያኗ ጉልላት ይታያል። ሰዎች ከየአቅጣጫው ከሚኒባስ እየወረዱ በባዶው መሬት ላይ ወደ እሷ ይሄዳሉ። አንዳቸውም ጎረቤቷ አይደሉም፤ ሁሉም ከሩቅ ነው የመጡት። ይህን ሳይ እነዚህን ሰዎች ወደዚህች ቦታ የሚያመላልሳቸው ምን ይሆን የሚል ጥያቄ ገባብኝ። እኔ ደብሬ የምሄደው በእግር ነው፤ ዝናብ ከጣለም አንዳንዴ እቀራለሁ።

ለሊሳ በር ላይ ተቀብሎ ጎንበስ ብሎ ሳመኝ። «ጋሼ፣ ስለመጡ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለኝ። ቤዛ ሕፃኑን በነጭ ጋቢ ጠቅልላ ታቅፋ ቆማለች። ስታየኝ ፊቷ ፈካ። ከኋላዬ ተክሌን ስታይ ግን ፈገግታዋ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ።

«ጋሽ ተክሌም መጡ?»

«እንግዳ ይዤ መጣሁ» አልኳት።

አቶ ገመቹም ጨበጡኝ። ጨዋ ሰው ናቸው፤ ጥላቻቸውንም ፍቅራቸውንም ወዲያው አያሳዩም። አጠገባቸው ረጅም፣ ከሲታ ሽማግሌ ቆመዋል። ጋሽ ዲንቃ ይባላሉ አሉኝ። በጉልበታቸው ዘመን ለገሃር ባቡር ጣቢያ ሲሠሩ የኖሩ፣ የአቶ ገመቹ የግድግዳ ጎረቤት የነበሩ ሰው ናቸው። እሳቸውም ሰፈሩ ሲነሳ ወደ ሌላኛው የከተማ ዳር ሄደዋል። እዚህ ለመድረስ ከማንም በፊት እንደተነሱ አቶ ገመቹ ነገሩኝ። ለምን እንደተነገረኝ ግን ያኔ አልገባኝም።

ካህኑ ቄስ በዳሳ ይባላሉ። ሽበታም፣ ቀስ ብለው የሚራመዱ ሰው ናቸው። ጸሎቱን በኦሮምኛ ጀመሩ።

እኔ ኦሮምኛ አልሰማም። ያሰብኩት ባዕድ ቤት እንደገባ ሰው ቆሜ እንደምውል ነበር። ነገር ግን ጥቂት ቆይቼ አንድ ነገር አስተዋልኩ፤ የት እንደደረስን አውቃለሁ። ቃሉ ሌላ ነው፣ ዜማው ግን ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ነው። እዚህ ይነሳል፣ እዚህ ይወድቃል፣ እዚህ ላይ ሕዝቡ ይመልሳል። ሕዝቡ ሲመልስ የእኔም አፍ ሳላዘው በግዕዝ መለሰ። ደንግጬ ተክሌን አየሁት። እሱም ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ሳየው አቆመ።

ከዚያ ካህኑ ቀና አሉና በአማርኛ፣ «የክርስትና አባቱ ይቅረብ» አሉ።

ተክሌ አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደ። በዚያው ቅጽበት ከወዲያ በኩል ጋሽ ዲንቃ ነጠላቸውን አስተካክለው ወደፊት ሄዱ። ሁለቱ ከውሃው ፊት ለፊት ተገናኝተው ቆሙ።

ለካ ልጆቹ የክርስትና አባት መምረጥ እንደ ወገን መምረጥ ይሆንብናል ብለው ፈርተው ነገሩን ሳይነኩት ነው የመጡት። ቤዛ ለእኛ «አይጠፋም» ስትል፣ ለሊሳም ለአባቱ ያንኑ ብሏል። እኔና አቶ ገመቹ ደግሞ አንዳችን ሌላውን ሳንጠይቅ፣ ሁለታችንም የተጠየቅነው እኛ ነን ብለን ሰው ይዘን መጣን። በሌላ ጊዜ ቢሆን አንድ ስልክ የሚፈታው ነገር ነበር። አንድ ስልክ እንኳ ከተደዋወልን ግን ቆይተናል።

ከሴቶች በኩል ጉርምርምታ ተሰማ። አቶ ገመቹ ወደ እኔ ዞረው፣ «ምነው አቶ ጌታቸው፣ በሰው ቤት?» አሉኝ፤ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«የእግዚአብሔር ቤት መስሎኝ» አልኳቸው። አፌ ፈጣን ነው፤ ብዙ ጊዜ ይጎዳኛል።

ተክሌ ወደ ኋላ እንደማይል ከአንገቱ ያስታውቃል። «እኔ ሱቄን ዘግቼ የመጣሁት ለማየት አይደለም» አለ።

ጋሽ ዲንቃም ቀስ ብለው፣ «እኔስ ከሰማይ የወረድኩ መሰለህ ወንድሜ? ሁለት ታክሲ ይዤ ነው የመጣሁት» አሉ። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ፤ ሳቁ ግን አልቀጠለም።

ሕፃኑ ማልቀስ ጀመረ። ቤዛን አየኋት። አልተቆጣችም። አለመቆጣቷ ነው ያስፈራኝ። ሕፃኑን ደረቷ ላይ አስጠግታ ወደ በሩ ነበር የምታየው። ልጄን አውቃታለሁ። አንድ ቃል ብጨምር ልጇን ይዛ ትወጣለች፤ ከዚያ በኋላ እኔ በር ላይ ቆሜ ባንኳኳ የምትከፍትልኝ አይመስለኝም። አቶ ገመቹም ይህንኑ ያዩ ይመስለኛል፤ ፊታቸው ገረጣ።

ቄስ በዳሳ መስቀላቸውን እንደያዙ ሁለቱን ሰዎች ተራ በተራ አዩ። አልተቆጡም። ከየትኛው ወገን መሆናቸውንም አልጠየቁም።

«ለአንድ ሕፃን አንድ የክርስትና አባት ነው» አሉ። «ሥራው ደግሞ የዘመድ ውክልና አይደለም። በልጁ ፈንታ ሃይማኖት መመስከር ነው። እንግዲህ ሁለታችሁም ጸሎተ ሃይማኖትን በሉ። አንተ አንዱን ስትል እሱ ቀጣዩን ይበል። ሌላው የተናገረው ነገር ሃይማኖቴ አይደለም የሚል ካለ ዝም ይበልና ወደ ኋላ ይመለስ። የቀረው ልጁን ይቀበላል።»

ደስ አለኝ፤ አልደብቃችሁም። ተክሌን ማን ይችለዋል? አቶ ገመቹ ደግሞ ጋሽ ዲንቃን ሲያዩ እንደኔው ደስ ያላቸው መሰለኝ።

ተክሌ በግዕዝ ጀመረ። ሁሉን በያዘ በአንድ አምላክ እናምናለን። ድምፁ እንደ ዲያቆን ዘመኑ ጠራ። ጋሽ ዲንቃ በኦሮምኛ ተቀበሉት። ዝግ ያለ፣ በዕድሜ የሻከረ ድምፅ ነው። ተክሌ ቀጠለ፣ ጋሽ ዲንቃ ቀጠሉ። መጀመሪያ ላይ ሁለቱም እንደ ተፋላሚ ነበር የሚናገሩት፤ አንዱ ሳይጨርስ ሌላው ይነጥቃል። እኔ የኦሮምኛው ሲመጣ ጆሮዬን አቁሜ ስህተት እፈልጋለሁ። ግን የማላውቀውን ቋንቋ በምን ልመዝነው? አንድ ቦታ ላይ ከሽማግሌው አፍ የጲላጦስን ስም ሰማሁ። ያ ክፉ ዳኛ በማንኛውም ቋንቋ ያው ጲላጦስ ነው። ስለዚህ ልክ እኔ ባሰብኩበት ቦታ ላይ ነን ማለት ነው። ስህተት ፍለጋዬ እዚያ ላይ እየላላ ሄደ። ከዚያ በኋላ የማዳምጠው ለማወቅ ብቻ ነበር። ማነው የሚያቆመው? የትኛው ቃል ላይ?

ሁለቱም እየዘገዩ መጡ። አንዱ ሌላውን ሳይነጥቅ እስኪጨርስ መጠበቅ ጀመረ። ወደ መጨረሻው ሲደርሱ ተራው የጋሽ ዲንቃ ሆነ። በኦሮምኛ ተናገሩ፤ ከዚያ ቆም ብለው ተክሌን ፊት ለፊት እያዩ ደገሙት፤ በአማርኛ።

«በአንዲት ቅድስት ቤተ ክርስቲያን እናምናለን።»

የሚቀጥለው የተክሌ ነው። የሚቀጥለውን ደግሞ እዚያ የቆምን ሁሉ እናውቀዋለን። ስለ አንዲት ጥምቀት ነው የሚናገረው።

ተክሌ ዝም አለ።

የተናገረኝን አስታወስኩ፤ ጥምቀት ልበለው አልበለው ገና አልወሰንኩም ያለኝን። አሁን መወሰን አለበት። ካላለው ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ሽማግሌው ልጁን ይቀበላሉ። ካለው ደግሞ፣ በዚህች ቤተ ክርስቲያን፣ በዚህ ውሃ ፊት ለፊት ነው የሚለው። ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። ምን በል ልበለው? እኔ ራሴ መልሱን ስጠይቅ የከረምኩ ሰው ነኝ። ዓይኔን መሬት ላይ ጣልኩ።

ብዙ ቆየ።

«ወነአምን» አለ ተክሌ በመጨረሻ፤ ድምፁ ወረደ። «ወነአምን በአሐቲ ጥምቀት።» ከዚያ እንደ ሽማግሌው እሱም በአማርኛ ደገመው። «ኃጢአት በሚሰረይባት በአንዲት ጥምቀት እናምናለን።»

የቀረውን አብረው ነው ያሉት፣ በየቋንቋቸው፤ ማን ያንን እንዳዘዛቸው አላውቅም። አሜን ሲሉ ሁለቱም ቆመው ቀሩ። ያቆመ የለም። ወደ ኋላ የሚመለስ የለም። ካህኑም ጠበቁ።

ተክሌ ነው የተንቀሳቀሰው። ሁለት እጁን ዘርግቶ ጋሽ ዲንቃን ወደ ውሃው አስጠጋቸው። «እርስዎ ይያዙት አባቴ» አላቸው። ከዚያ ወደ እኔ ተመልሶ መጥቶ አጠገቤ ቆመና በጆሮዬ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ምን እንድጨምርላቸው ነው ያመጣኸኝ?» አለኝ።

ነጠላዬን አስተካክዬ ወደ ውሃው ዞርኩ።

ሕፃኑ ሦስት ጊዜ ወደ ውሃው ሲገባ ጩኸቱ ቤተ ክርስቲያኑን ሞላው። ጋሽ ዲንቃ ተቀበሉት። ሜሮን ተቀባ፣ ማተብ ታሰረለት። ተክሌ የሕፃኑን ፎጣ ይዞ ሲያቀብል አየሁት፤ ማንም አላዘዘውም።

ከዚያ ቅዳሴው ቀጠለ። እዚህ ላይ ታሪኬን ብጨርሰው ያምር ነበር። ግን የመጣሁበት አንደኛው ጉዳይ ገና አልተፈጸመም።

ስሙ የሚጠራበት ቦታ እየቀረበ ሲመጣ ጆሮዬን አቆምኩ። ምናልባት ዝም ብለው ያልፉት ይሆናል ብዬ ተመኘሁ። አላለፉትም። የፈራሁት ስም ነው የተጠራው፤ ጥርት ብሎ፣ ምንም ሳይሸሸግ። «ይባላል» የነበረው አሁን «ሰማሁ» ሆነ። አንድ እግሬ ወደ በሩ ተነሳ። በእኛ በኩል ስንነጋገር እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ቆሞ ማስቀደስ አይገባም ተባብለናል፤ ከተናገሩትም አንዱ እኔ ነበርኩ። በሴቶች በኩል ቤዛ እያየችኝ ነው። ወይንሸት ደግሞ አላየችኝም፤ ዓይኗን ጨፍና ትጸልያለች።

እግሬን መለስኩት። አምኜበት አይደለም፤ ዛሬም ትክክል ነው አልልም። የልጅ ልጄ ገና አልቆረበም ነበር። አያቱ በሕይወት እያለ፣ በእግሩ መቆም እየቻለ፣ በሕይወቱ የመጀመሪያ ቁርባን ላይ ጀርባውን ሰጥቶት ሄደ እንዲባል አልፈለግሁም። ጋሽ ዲንቃ ታቅፈውት ሲቀርቡ፣ ያ ትንሽ አፍ ሲከፈት አየሁ። እስኪያበቃ ቆምኩ።

ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ ወጥቶ ሲሳሳም፣ ቄስ በዳሳን ዛፍ ሥር አገኘኋቸው። መስቀል ተሳለምኩና ቁርጡን ተናገርኩ።

«አባቴ፣ ስሙን ሰምቻለሁ። የመጣሁትም ለዚያ ነበር።»

«አውቃለሁ» አሉኝ። «ከመቅደስ ሆኜ ሳይህ ነበር።»

«ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል እኔን እንዴት ለዩኝ?»

ሳቅ አሉ። «አልለየሁህም። ሁላችሁም እንዲያ ናችሁ። እዚያ ቦታ ላይ ስደርስ የሁሉም አንገት እንደ ሰጎን ይቀናል። ከእናንተ ወገን የመጣውም፣ ከእኛ ያለውም። የእናንተው ለመክሰስ፣ የእኛው ለማረጋገጥ። ድሮ እኮ ጌታቸው፣ እዚያ ጸሎት ላይ ሕዝቡ ያንቀላፋ ነበር። ረጅም ነው፤ ሽማግሌዎቹ በመቋሚያቸው ላይ ደገፍ ብለው ያንኮራፉ ነበር። እቆጣ ነበር። አሁን አንድም የሚያንቀላፋ የለም።» ፊታቸው ተለወጠ። «እንቅልፋቸው ናፈቀኝ።»

ምን ላድርግ ብዬ ጠየቅኳቸው። እኔ የመሰለኝን እንደማልተው፣ እሳቸውም የሚጠሩትን እንደማይተዉ ሁለታችንም እናውቃለን።

«ጸልይልኝ» አሉኝ። «ሰው ሁሉ ተኝቶ የሚያልፈው ስም እንድጠራ።»

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ወዲህ ምን ተለወጠ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ብዙ አልተለወጠም። እኔ ወደ ደብሬ እሄዳለሁ፣ አቶ ገመቹ ወደ ደብራቸው። ሹመትን በሚመለከት ብንነጋገር ዛሬም አንስማማም፤ ስለዚህ ስለ ሹመት አንነጋገርም፣ ስለ ልጁ ጥርስ እንነጋገራለን። ተክሌን እኛ ደብር ውስጥ አንዳንዶች «እዚያ ሄደህ ጸሎት አደረስክ» ብለው ፊት ነሱት፤ የመከሰሱም መንስኤ እኔ ነኝና ስለሱ የምከራከረው እኔ ሆኛለሁ። የአባቶች መለያየት በሶፋ ሠሪና በሥጋ ሻጭ አይፈታም። የተረዳሁት አንድ ነገር ግን አለ። በሃይማኖት ተለያይተናል ብዬ ነበር የማስበው። ሁለት ሰው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሃይማኖቱን ሲናገር ሰማሁ፤ የተለያዩበትን ቃል አጣሁት። የምንለያይበት ነገር የለም አልላችሁም፤ አለ፣ ከባድም ነው። ግን ቦታው እኔ ያሰብኩት ቦታ አይደለም። ልጆች ያላችሁ ሰዎች ደግሞ አንድ ምክር ልስጣችሁ፤ መምከር ልማዴ ነው፣ ታገሡኝ። ልጆቻችሁ ነገር ሳይነኩ ካለፉ፣ ዝምታቸውን እንደ ፈቃድ አትቁጠሩት። ፈርተዋችሁ ሊሆን ይችላል። ጠይቁ።

ባለፈው እሑድ በራሴ ደብር ቆሜ አስቀድስ ነበር። ያ ጸሎት ሲደርስ ዙሪያዬን ተመለከትኩ፤ ይህ አዲስ ልማዴ ነው። አንገት ሁሉ ቀንቷል። ከፊቴ ግን አንድ ሽማግሌ መቋሚያቸው ላይ ተደግፈው፣ አፋቸውን ከፈት አድርገው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። አጠገባቸው የቆመ ጎልማሳ ስሙ ሊጠራ ነው ብሎ ሊቀሰቅሳቸው ክርኑን አነሳ።

ክርኑን ያዝኩት።

«ተዋቸው» አልኩት፤ «ይተኙ።»